በዶውሮ ወንዝ በመርከብ ላይ የቀረበ እራት

ዶውሮ የተባለው ወንዝ ከእስጳንያ ተራሮች ተነሥቶ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ በፖርቱጋል አገር በፖርቶ ከተማ አጠገብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ከፖርቶ እስከ እስጳንያ ወሰን ያለው 210 ኪሎ ሜትር መርከብ የሚሄድበት ስለ ሆነ፣ መንገደኞች እያደሩ የሚጓዙባቸው ረዣዥም መርከቦች ይመላለሱበታል። እኔም በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር፣ በአውሮፓ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ጋብዞኝ በአንዱ ተሳፍሬ ነበር። ለአንባቢዎች ልነግር የምወደው ግን ስለ ጕዞው ሁሉ ሳይሆን፣ በአራተኛው ቀን ማታ ስለ ቀረበልን እራት ነው። ይኸውም እያንዳንዱ መብል ከተመረጠለት የወይን ጠጅ ጋራ የሚቀርብበት እራት ነው።

በዚያ ወንዝ መርከብ ሌሊት መሄድ ስላልተፈቀደለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፒኛው በምትባል መንደር ወደብ ታሰርን። በግራም በቀኝም ተራራው ከወንዙ ዳር እስከ ጫፉ ድረስ እርከን ነው። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ድካሙን ይገምተዋል። ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚሰነጠቅ ሲሆን፣ የወይኑ ሥር ውሃ ፍለጋ በስንጥቁ መካከል ወደ ጥልቅ ይወርዳል። የፖርቱጋል መንግሥት ለዚህ የወይን አገር ድንበር የወሰነለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1756 ዓ.ም. ነው፤ ዩኔስኮም በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አልፎ አልፎ ግን ወይን የሌለበት፣ ቍጥቋጦ የዋጠው እርከን ይታያል። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለች ክሽክሽ መሳይ ተባይ የወይኑን ሥር በልታ ካደረቀችው በኋላ ተመልሶ ያልተተከለ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበርና ከመብሉ የምንከለከልበት ምክንያት አልነበረንም። በእያንዳንዳችን ፊት አምስት ባዶ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ አይደንግጡ፤ የሚቀዳው ጥቂት ነው» አለኝ። እውነትም በየብርጭቆው የሚቀዳው ከቡና ስኒ አይበልጥም። በእኛ አገር ድግስ ብርሌ ጐድሎ ማየት ለአሳላፊው ነውር ነው፤ እዚህ ግን ጠጁ የሚቀዳው ለመብሉ ሲባል ስለ ሆነ ሞልቶ ቢቀዳ ነውሩ ያ ነበር። ይህ ልማዳቸው ደስ አሰኝቶኛል። ደስ ያላሰኘኝ አንዳንዶቹ እንግዶች ብርጭቆውን እያሽከረከሩ የእንጆሪና የትምባሆ ሽታ አገኘን ሲሉ መቈየታቸው ነው፤ መብሉ ይቀዘቅዛል።

አስቀድሞ ጨው ከነካው ከአልሞንድ ፍሬ ጋራ ቀዝቃዛ ነጭ የፖርቶ ጠጅ መጣ። ቀጥሎ በወይራ ዘይት የተዘጋጀ ባካልያው፣ ማለት በጨው ደርቆ የቈየ ዓሣ፣ ከኮምጣጣ ነጭ ጠጅ ጋራ ቀረበ። ኮምጣጤው የዘይቱን ክብደት ከምላስ ላይ ያነሣዋል፤ እኛም በዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ስለዚሁ ነው። ሦስተኛው የፍየል ግልገል ጥብስ ነበር። ከእርሱ ጋራ የተቀዳው ቀይ ጠጅ ብቻውን ሲቀመስ ምላስን እንደ ጥሬ ሙዝ ያኰማትራል፤ ከጥብሱ ስብ ጋራ ሲሆን ግን ይለዝባል።

ጠጅ አሳላፊው ዕድሜው የገፋ የዚያው አገር ሰው ነው። ይህን ሦስተኛ ጠጅ ሲቀዳ ስለ ጆሴፍ ጄምስ ፎሬስተር አጫወተን። ፎሬስተር የወንዙን ካርታ የሠራ፣ የባሮንነት ማዕረግ የተሰጠው እንግሊዛዊ ነጋዴ ነበር። የፖርቶ ጠጅ የሚሠራው ጭማቂው ፈልቶ ሳይጨርስ ከወይን የወጣ ብርቱ አረቄ ተጨምሮበት ነው። መፍላቱ ይቆማል፣ ጣፋጭነቱ ይቀራል፣ ብርታቱም ከመቶ 20 እጅ ያህል ይሆናል። ፎሬስተር ግን በ1844 ባሳተመው ጽሑፍ አረቄ መጨመሩን ተቃወመ፤ አልተሰማም። እኔ በዲቁና ዘመኔ ዘቢብ አጥቤና ዘፍዝፌ ለመቅደስ ያቀረብሁ ሰው ነኝና በዚህ ክርክር የምቆመው ከእርሱ ጋራ ነው። በእጃችን የያዝነውም አረቄ ያልገባበት፣ እርሱ የወደደው ዓይነት ጠጅ ነበር።

ፎሬስተር በ1861 ቫሌይራ በተባለው ጠባብ ገደል ጀልባው ተገልብጣ ሰጠመ፤ ሬሳውም አልተገኘም። አብራው የነበረችው ታላቋ የወይን ባለርስት ዶና አንቶኒያ ፌሬይራ ግን ሰፊ ቀሚሷ በውሃው ላይ አንሳፍፏት ዳነች ይባላል።

የእኅቴ ልጅ ሹካውን አስቀምጦ «ጋሼ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ ሻይ እየጠጣን ያለፍንበት አይደለምን?» አለኝ። ያው ነበር። በ1970ዎቹ ግድብ ስለ ተሠራ ያ የሚያገሣ ውሃ ዛሬ እንደ ሐይቅ የተኛ ነው። መርከቦችም በአምስት ግድቦች በር እየገቡ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ካራፓቴሎ በተባለው ብቻ 35 ሜትር ያህል ከፍታ አለ።

እኔ ግን በርሜል በተጫነ ጀልባ በዚያ ገደል የወረዱትን ቀዛፊዎች እያሰብሁ፣ የእነርሱ ታሪክ ስለ ምን እንደማይነገር አሳላፊውን ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ አያቱ በዚሁ ተራራ የወይን ቅርጫት በጀርባው ሲያወርድ የኖረ ሰው እንደ ነበረ ነገረን፤ «የእርሱን ታሪክ የጠየቀኝ እንግዳ የለም» አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ገበታችን በመጣ ቍጥር ከአያቱ ነገር ጥቂት ይጨምርልን ጀመር። የግልገሉ አጥንት ከተነሣ በኋላ ወተቱ በእሾኻማ ተክል አበባ የሚረጋ የበግ አይብ ከጣፋጩ ቀይ የፖርቶ ጠጅ ጋራ፣ በመጨረሻም የአልሞንድ ኬክ በበርሜል 20 ዓመት ከቈየ ጠጅ ጋራ አቀረበልን። የአይቡ ጨውና የጠጁ ጣፋጭነት ከአምስቱ ሁሉ የተስማሙ ነበሩ። ኬኩ ግን ከጠጁ ይልቅ ስለ ጣፈጠ ጠጁን አሳነሰው።

ከአንባቢዎች ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር፣ ወይኑ የሚለቀምበትን መስከረምን ይምረጥ። ቫሌይራ ሲደርስም ከአዳራሹ ወጥቶ በሰገነቱ ላይ ይቁም፤ ዐለቱ ተሰብሮ መንገዱ የተከፈተበትን ዘመን የሚናገር ጽሑፍ በገደሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።