ከዚያ በኋላስ?

የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ሳለሁ፣ መምህራችን እያንዳንዳችን በመረጥነው ርእስ አንድ የጥናት ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አዘዙን። እኔም ከጓደኞቼ ሁሉ የላቀ ነገር ይዤ ለመቅረብ ስለ ጓጓሁ፣ «ከብርሃን የሚፈጥን ቅንጣት» የሚል ርእስ መረጥኩ።

መነሻ የሆነኝ ከኢንተርኔት ያገኘሁት ጽሑፍ ነበር። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ያወጣው ኦፔራ የተባለ የተመራማሪዎች ቡድን ነው። ጄኔቭ አጠገብ ከሚገኘው የሰርን ቤተ ሙከራ የተነሡ፣ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ምድርን ሰንጥቀው 730 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ኢጣሊያ ውስጥ ግራን ሳሶ ሲደርሱ፣ ብርሃን ከሚደርስበት ጊዜ 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመው እንደተገኙ ይገልጻል። ከመቶ የሚበልጡ ተመራማሪዎች ስማቸውን አስፍረውበታል። ጋዜጦችም የአንስታይን ትምህርት ሊፈርስ ነው እያሉ አራግበውታል። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያሻል? በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

ማስረከቢያው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለወጉ ያህል ጥቂት መጻሕፍትን ለመጥቀስ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። መጽሐፍ የሚያውሱን በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ነበሩ። ፊዚክስ አልተማሩም፤ ነገር ግን ማንኛውንም መጽሐፍ ከመስጠታቸው በፊት ገለጥ አድርገው መቼ እንደ ታተመና ስንተኛ እትም እንደ ሆነ የመመልከት ልማድ ነበራቸው። በእጄ የያዝኩትን ወረቀት ተቀብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ የ2011 ነው። ከዚያ በኋላስ ምን ተባለ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥኩ። ጽሑፉ የሚገኝበት አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ ሲሆን፣ ሊቃውንት ሥራቸው በሌሎች ባለሙያዎች ተመርምሮ በመጽሔት ከመታተሙ በፊት የሚያኖሩበት ነው። አንድ ጽሑፍ ሲታረም የቀድሞው ቅጂ አይጠፋም፤ አዲሱ ከጎኑ ይቀመጣል። እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 የወጣውን ቅጂ ስከፍት ግን የኒውትሪኖዎቹ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት የማይለይ ሆኖ አገኘሁት። ለካስ የሰዓቱን ምልክት የሚያስተላልፈው የመስታወት ክር ገመድ በሚገባ ሳይሰካ ቀርቶ ኖሯል! በዚያው ተራራ ሥር የሚሠራ ኢካሩስ የተባለ ሌላ ቡድንም በ2012 ለክቶ ብልጫ አለማግኘቱን አስታውቋል።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ መደምደሚያ በጥሞና ባነበው፣ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያልታወቀ ስሕተት ካለ ለማግኘት ምርመራውን እንደሚቀጥሉና ለውጤቱ ምንም ዓይነት የንድፈ ሐሳብ ትርጓሜ እንደማይሰጡ ጽፈዋል። ነገሩን ያጋነንነው እኔና ጋዜጦቹ ነበርን።

ወይዘሮዋ በዚያው ቀን ከመደርደሪያ ያወረዱልኝ አቧራ የጠጣ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ እንኳ ሊያስጠነቅቀኝ በቻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ከ160,000 የብርሃን ዓመት በሚበልጥ ርቀት ላይ ከፈነዳ ኮከብ የመጡ ኒውትሪኖዎች ከብርሃኑ የቀደሙት በጥቂት ሰዓት ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም የሆነው ብርሃኑ ከኮከቡ ሆድ ለመውጣት ስለሚዘገይ ነው። በኦፔራው ልኬት ቢሆን ኖሮ አራት ዓመት ያህል መቅደም ነበረባቸው። የቅንጣቶቹ ጉልበት እጅግ ስለሚለያይ ነገሩ በዚህ ብቻ አይቆረጥም፤ ለመጠራጠር ግን ይበቃ ነበር። እኔ ግን መጽሐፉን ስላረጀ ብቻ ንቄው ነበር።

አሥራ አንዱን ገጽ ትቼ፣ ያ ስሕተት እንዴት እንደ ተገኘ እንደገና ጻፍኩ። ሁለት ቀን ዘግይቼ በማስረከቤ መምህሩ ነጥብ ቀነሱብኝ። ቅጂውን ለወይዘሮዋ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉና፣ ከሁሉ አስቀድመው በሽፋኑ ላይ የጻፍኩትን ቀን ተመለከቱ።