የፀሐይ ስጥ

ቤት ማለት መሠረቱ በምድር ተቀብሮ በአንድ ሥፍራ የሚጸና ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ያለው አይደለም። አርብቶ አደሩ ቤቱን በግመል ጭኖ ውሃና ሣር ወዳለበት ይጓዛል፤ በአሜሪካ ደግሞ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ አልጋውን፣ ምድጃውንና የውሃ በርሜሉን በአንድ መኪና ውስጥ አሰናድቶ ከአገር አገር ይዞራል። ልዩነቱ የኋለኛው ቤት ኤሌክትሪክ የሚሻ መሆኑ ነው። ኤሌክትሪኩም ከመንገድ ዳር መስመር ካልተገኘ ከራሱ ከቤቱ ጣሪያ መገኘት ይኖርበታል።

በዋሽንግተን ከተማ ለረዥም ዘመን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንትና ቀድሞ በደሴ መምህርት የነበሩት ባለቤታቸው እንዲህ ያለውን ቤት መኪና የገዙት በ2015 ዓ.ም. ነበር። መኪናው አሮጌ ቢሆንም ሞተሩ ጤነኛ ነበር። የአዛውንቱ ምኞት ዕድሜ ልካቸውን ከገዛቸው የሰዓት ሠሌዳ ተላቀው እንደ ልብ መጓዝ ነው። የመምህርቷ ጉዞ ግን በአንዲት ትንሽ ፍሪጅ የተወሰነ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ናቸውና የሚወጉት ኢንሱሊን እስኪከፈት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሚሰጡ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች በጣሪያው ላይ እንዲገጠሙ ተወሰነ። ሥራውን የያዘው አንድ የአገር ልጅ፣ ወጣት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራ። «ጭነት» ከሚለው ርእስ ሥር እንዲህ ጻፈ፦ ፍሪጅ 45 ዋት፣ በሙቀት ቀን 12 ሰዓት ያህል ሲሠራ 540 ዋት-ሰዓት፤ መብራት፣ የውሃ ፓምፕና ስልክ 60፤ ድምር 600። «ገቢ» ከሚለው ሥር ደግሞ፦ ሰሌዳዎቹ የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኙ 1000፤ ብክነቱ ሲቀነስ 750።

መምህርቷ ወረቀቱን አነበቡና «ጭነቱ እንግዲህ እኔ ነኛ» አሉ።

«የሙያ ቃል ነው እትዬ» አለ ወጣቱ ደንግጦ። አዛውንቱ ሳቁ። መምህርቷ አልሳቁም።

ገጠማው በአንድ ቀን ተፈጸመ። ወጣቱ ሰሌዳዎቹን በብረት መደገፊያ አጠበቀ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ዝናብ እንዳያስገቡ ደፈነ፤ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አኖረ፤ መቆጣጠሪያውንም በመጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከሰሌዳዎቹ ጋር አገናኘ። ከዚህች የአንድ ቀን ሥራ በስተጀርባ ግን የትውልዶች ድካም አለ። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ እንደሚችል ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ለሥራ የሚበቃውን የሲሊከን ሴል ለሕዝብ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ያ ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 6 በመቶ ያህሉን ሲሆን የዛሬዎቹ የጣሪያ ሰሌዳዎች ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣሉ።

በሐምሌ ወር ባልና ሚስቱ በቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተጓዙ። በዚያ ያሉት ማረፊያዎች ለመኪና የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር የላቸውም፤ ጄኔሬተርም ማስነሣት የሚቻለው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ሙቀት ባለቤታቸውን እንደሚያደክም የሚያውቁት አዛውንት መኪናውን ከአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር አቆሙ። ቅጠሉ መሐል ለመሐል ብርሃን ያሳልፍ ስለ ነበር «ግማሽ ጥላ ቢሆን ግማሽ ገቢ አናጣም» ብለው አሰቡ።

ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነበር። የአንድ ሰሌዳ ሴሎች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች በተከታታይ የተሳሰሩ ናቸው፤ በአንዱ ላይ የወደቀ ጥላ የረድፉን ሁሉ ጅረት ያንቃል። ዳዮድ የሚባለው መሣሪያ ጅረቱ የታነቀውን ረድፍ ዘሎ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍታል፤ የተዘለለው ረድፍ ድርሻ ግን ይቀራል። ጥላው በየረድፉ ሲረጭ ደግሞ መዝለሉም ብዙ አይጠቅምም።

በሁለተኛው ሌሊት ባትሪው ደከመ። ፍሪጁም ባትሪውን ከጉዳት ለማዳን ራሱን አጠፋ። ጎሕ ሲቀድ በፍሪጁ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 19 ዲግሪ አሳየ። መምህርቷ የሚወጉት ዓይነት ኢንሱሊን ከቅዝቃዜ ከወጣ በኋላ የሚያገለግለው ለ28 ቀን ነውና የሦስት ወር ስንቅ በአንድ ሌሊት የአንድ ወር ሆነ።

«መኪናውን እንሽጠው» አሉ አዛውንቱ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

«አይሸጥም» አሉ መምህርቷ። «እኔን ብለህ ጥላ መረጥክ፤ አላማሁህም። ነገር ግን አልጠየቅኸኝም። ሙቀቱን እችለው ነበር፤ የማልችለው ያለ መድኃኒት ማደርን ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር ማን ሊነግርህ ይችላል?»

አዛውንቱ መልስ አልሰጡም። ፍቅር የሌላውን ችግር ሳይነገረው የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ሒሳብ ግን ባለ ጉዳዩን ሳይጠይቅ አይሠራም። ወጣቱ ስለ ዋት ሲጠይቅ አዛውንቱ መጠየቅ የነበረባቸውን ሳይጠይቁ ቀርተው ነበር።

ከተመለሱ በኋላ ወጣቱ ሦስተኛ ሰሌዳ አመጣ። ይህኛው ጣሪያ ላይ የሚታሰር አይደለም፤ በ10 ሜትር ሽቦ ተያይዞ በመሬት ላይ የሚዘረጋ፣ ወደ ፀሐይም ዘንበል የሚል ነው። ቤቱ በጥላ፣ ሰሌዳው በፀሐይ እንዲውል ማለት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትሄድ በቨርጂኒያ የጣሪያ ሰሌዳ ገቢ ከሐምሌው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በክረምቱ ወራት ከቤት ላለመውጣት ሁለቱ ተማክረው ወሰኑ።

ተፈጥሮን ስለ ማሸነፍ ብዙ ተነግሯል። ፀሐይ ግን የተሸነፈች አትመስልም፤ ሰው የሚችለው መንገዷን አጥንቶ ዕቃውን በመንገዷ ላይ ማኖር ነው። ይህን የወሎ ገበሬ ከሶላር ሰሌዳ በፊት ያውቀዋል፤ እህሉን በሰሌን ላይ ያሰጣል፣ ጥላው በመጣ ቁጥርም ስጡን ያዛውራል።

በመስከረም ዳግመኛ ወደ ሸናንዶዋ ወጡ። አዛውንቱ ከኦኩ ሥር ወንበራቸው ላይ ሸለብ ሊያደርጋቸው ሲል መምህርቷ ከመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ተነሥ እንጂ፣ ስጡ ጥላ ገባበት!»

አዛውንቱ ተነሥተው ሰሌዳውን ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ምሥራቅ አዛወሩትና «አሁንስ?» ሲሉ ጠየቁ።

መምህርቷ የፍሪጁን ቴርሞሜትር ተመለከቱ፤ 4 ዲግሪ ነበር።