ውኃው ሲሞላ መንገዱ ሲዘጋ

ከእንፍራንዝ በላይ በኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገርለት ይህ ግንብ ፊቱን ወደ ጣና አዙሮ ከግርጌው የተዘረጋውን ሜዳ ቁልቁል ይመለከታል። ነገሥታቱ ክረምቱን ለማሳለፍ ከፍታውን መምረጣቸው ብልኅነት ነበር። ገበሬው ግን ይህ ምርጫ አልነበረውም፤ እንጀራው ያለው ከታች፣ ከጭቃው ውስጥ ነውና።

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣሉ። ዳገቱ በታረሰና ዛፉ በተመነጠረ ቁጥር አፈሩን ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ፎገራ ሜዳ ሲደርሱም ቁልቁለቱ ስለሚያልቅ ሸክማቸውን በገዛ መውረጃቸው ውስጥ ያራግፋሉ። ሆዱ በደለል የተሞላ ወንዝ ነሐሴ ላይ ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል። «የሰማይ ቁጣ» እየተባለ የሚነገርለት ጎርፍ፣ እንግዲህ፣ በከፊል የተራቆተ ተራራ ሥራ ነው።

ይሁንና የሜዳውን ሰው ውኃ ፈሪ አድርጎ መሣል አይገባም። ውኃው ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ለፎገራ ከብትም ሣር ያበቅልበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ለአካባቢው ካስተዋወቁ ወዲህ ደግሞ ውኃ የሚተኛበት ረግረግ ማሳ ሆነ፤ ሩዙም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ምጣድ ላይ ወጣ። ውኃው የሚያስፈራው ልክ ሲያጣ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ልክ አጣ። ያ ክረምት በድሬዳዋ ከ200 በላይ፣ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰው የወሰደ ክፉ ክረምት ነበር። በጣና ዙሪያም በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከነልጁ ቤቱን ለቆ ወጣ። በ2006 ዓ.ም. በፊሊፒንስ ደሴቶች ከ6,000 በላይ ሰው የፈጀው አውሎ ነፋስ «ሀያን» የሚል ስም ስለነበረው ዓለም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራዋል። የርብ ሙላት ስም የለውም፤ ስም የሌለው መከራ ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

ያን ጊዜ የተፈናቀለው ሕዝብ የሚሄድበት አቅጣጫ ነበረው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በእንፍራንዝ በኩል ጎንደር የሚገባው አውራ ጎዳና ለሜዳው ነዋሪ ከመጓጓዣም በላይ ነው። ሕመምተኛው የሚወጣው፣ እህሉና መድኃኒቱ የሚገባው በእርሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በክልሉ በተቀሰቀሰው ውጊያ ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ በተከፈተባቸው ቀናትም እገታው መንገደኛውን አስጨንቆታል። መንግሥት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመኑ ሲያበቃ ውጊያው አብሮት አላበቃም።

ጎርፍ የጊዜ ገደብ አለው፤ መስከረም ሲጠባ መጉደል ይጀምራል፤ ገበሬውም ቀኑን ቆጥሮ ይጠብቃል። ተኩስ ግን ወር አይቆጠርለትም። ነሐሴ ላይ ምጥ የያዛትን ሴት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አንሥተው፣ እስከ ወገባቸው በውኃ ተዘፍቀው አስፋልቱ ጠርዝ ሲያደርሷት፣ የሚጠብቃት ተሽከርካሪ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ዝናቡ አይደለም። ውኃው ጎድሎ በየጉድጓዱ ሲቋጥርም የወባ ወራት ይገባል፤ የወባው መድኃኒት የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው።