«በአንድ ሰዓት ውስጥ»

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አንድ ሕንዳዊ የአየር ኃይል መኰንን ላጫውትህ ብዕሬን አንሥቻለሁና ጥቂት ጊዜህን አውሰኝ። ዓመቶቹን የምጽፍልህ በአውሮጳ አቈጣጠር ስለ ሆነ ከእኛው ጋር እንዳይደባለቅብህ አደራ እልሃለሁ።

እኒህን ሰው በመጀመሪያ ያወቅኋቸው በፎቶግራፍ ነው። ጊዜው ጁላይ 2015 ነበር። የቀድሞው የሕንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ከላም ዐርፈው አስከሬናቸው በዴልሂ፣ በፓላም አይሮፕላን ማረፊያ ዐርፏል። አንድ ጥምጥም ያሰሩ የ96 ዓመት ሽማግሌ በሚሽከረከር ወንበር ተገፍተው ይመጣሉ። ከሣጥኑ ፊት ሲደርሱ ግን ከወንበሩ ተነሥተው ቆሙና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አድርገው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ «እኒህስ ማን ናቸው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ።

ስማቸው አርጃን ሲንግ ነው። በ1919 በፑንጃብ፣ ላያልፑር በምትባል ከተማ ከሲክ ቤተ ሰብ ተወለዱ። አባቶቻቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ የፈረሰኛ ጦር ወታደሮች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ፈረሱን ትተው ክንፉን መረጡ። በላሆር ኮሌጅ ሲማሩ ሳሉ በ19 ዓመታቸው ለበረራ ትምህርት ተመርጠው በ1938 ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ክራንዌል ተላኩ። በ1939 መጨረሻ መኰንን ሆነው ሲወጡ ዓለም በጦርነት እሳት መያያዟ ነበር።

የመጀመሪያ ግዳጃቸው በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በተራራማው አገር ላይ ነበረ። የሚያበሩትም ባለ ድርብ ክንፍ የሆነች ዋፒቲ የምትባል አሮጌ አይሮፕላን ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን የተራራው ሰዎች በጠመንጃ መትተው ከነአይሮፕላናቸው ጣሏቸው። ሌላው ሰው «ይብቃኝ» ባለ ነበር፤ እርሳቸው በሁለት ሳምንት ተመልሰው በረሩ። በ1944 ጃፓኖች ኢምፋልን ሲከብቡ በዚያ የሚዋጋው የአንደኛው ስኳድሮን አዛዥ እርሳቸው ነበሩ። ሎርድ ማውንትባተን ራሳቸው ወደ ጦር ሜዳው መጥተው የበረራ ጀብዱ መስቀል በደረታቸው ላይ ሰኩላቸው።

በ1945 ደግሞ በደቡብ ሕንድ ከአንድ ቤት ጣራ በላይ እጅግ ዝቅ ብለው በመብረራቸው የጦር ፍርድ ቤት አቀረባቸው። መልሳቸውም «አንድ ተማሪ በራሪ ልቡ እንዲበረታ ብዬ ነው» የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተ በማኅደርህ ውስጥ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገብቶብህ እንቅልፍ ያጣህ ጀማሪ ጸሐፊ ብትሆን፣ ይህን ታሪክ ለራስህ አጫውተው። ኦገስት 15 ቀን 1947 ሕንድ ነጻ ስትወጣ በዴልሂ በቀዩ ምሽግ ላይ ከመቶ የሚበልጡ አይሮፕላኖች በሰልፍ ሲያልፉ፣ ከፊት ሆነው የመሩት ያው ለጦር ፍርድ ቤት የቀረቡት ሰው ነበሩ።

ነገር ግን በዚያው ሰሞን አገሩ ለሁለት ተከፈለ። አየር ኃይሉም ተከፈለ። በአንድ ድንኳን ያደሩ፣ በአንድ ሰማይ ላይ የተዋጉ መኰንኖች ግማሾቹ ወደ ፓኪስታን ሄዱ፤ ግማሾቹ በሕንድ ቀሩ። የአርጃን ሲንግ የትውልድ ከተማ ላያልፑር ከፓኪስታን በኩል ወደቀች። ወደዚያ ከሄዱት መኰንኖች አንዱ አስገር ኻን ይባላሉ፤ እርሳቸው የተወለዱት በጃሙ ነው፤ ጃሙ ደግሞ በሕንድ በኩል ቀረች።

አርጃን ሲንግ በ1964፣ በ45 ዓመታቸው፣ የሕንድ አየር ኃይል ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ። በወዲያኛው ወገን የአዛዥነቱን ወንበር የያዙት አስገር ኻን ነበሩ። በ1965 ጸደይ በከች ረግረግ ላይ ሁለቱ ጦሮች በተጋጩ ጊዜ፣ አስገር ኻን ስልክ አንሥተው ለቀድሞ ባልደረባቸው ደወሉና ሁለቱም አየር ኃይሎች ከዚህ ጠብ ውጭ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። እንዳሉትም አይሮፕላኖቹ ሳይገቡበት ቀሩ። በጠላትና በጠላት መካከል በአንድ የስልክ ጥሪ ስንት ነፍስ እንደ ዳነ ማን ሊቈጥረው ይችላል? ግን አስገር ኻን በጁላይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1965 የፓኪስታን ታንኮች በቻምብ በኩል ጥሰው ወደ አክኑር ድልድይ ገሠገሡ። ድልድዩ ከተያዘ በዚያ ወገን ያለው የሕንድ ጦር መንገዱ ይቈረጣል። በመከላከያ ሚኒስትሩ በቻቫን ቢሮ ተሰብስበው ሳለ አርጃን ሲንግ «አየር ኃይሉ በስንት ጊዜ ሊደርስ ይችላል?» ተብለው ተጠየቁ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ» ሲሉ መለሱ። ሰዓቱም ሳይሞላ የመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች ከፓታንኮት ተነሡ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን መልስ ባነበብሁ ጊዜ ልቤ በደስታ ዘለለ። «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ተመለስ» በሚባልበት ቢሮ ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ማር ነው። በመሥሪያ ቤታችን ለሚገኙ ወጣቶች ሁሉ እያዞርሁ አወራሁት። አንድ ቀን ግን በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልደረባ ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቈዩና፣ «አንተ ልጅ፤ ሰዓቱንስ ነገርኸን፤ ከሰዓቱ በኋላ የሆነውንስ አንብበሃል?» አሉኝ። አላነበብሁም ነበር። አፍሬ ሄጄ አነበብሁ።

ቀድመው የተነሡት ቫምፓየር የሚባሉ፣ ዘመናቸው ያለፈባቸው አይሮፕላኖች ነበሩ። ከወዲያ ያሉት ደግሞ የአሜሪካ ሴይበሮች ነበሩ። በዚያች ምሽት አራት ቫምፓየሮች ተመትተው ወደቁ። ፀሐይ እየጠለቀች፣ አቧራው እየጨሰ፣ ወዳጅና ጠላት ስላልተለየ አንዳንዱ ምት በራሳቸው በሕንዶቹ ጦር ላይ ዐረፈ። በማግሥቱ ቫምፓየሮቹ ከግንባር እንዲወጡ ተደረገ። ሴፕቴምበር 6 ቀን ደግሞ ሴይበሮቹ ፓታንኮት ድረስ መጥተው የቆሙ አይሮፕላኖችን በመሬት ላይ አቃጠሉ።

ታዲያ «በአንድ ሰዓት ውስጥ» የሚለው ቃል ጥፋት ነበርን? ብዙ ሌሊት አሰብሁበት። የታንኮቹ ግሥጋሤ ለሌላ ቀን የሚቀጠር ስላልነበረ፣ «ነገ ጧት የተሻሉትን አይሮፕላኖች አዘጋጅቼ እልካለሁ» ቢሉ ድልድዩ ምን ይሆን እንደ ነበር አስብ። የሕንድ ጸሐፊዎች ያ ምት ግሥጋሤውን እንዳዘገየው ይናገራሉ። እኔም አምናቸዋለሁ፤ ነገር ግን ታሪኩን ከእንግዲህ ስናገር አራቱን ቫምፓየሮች ሳልጠራ አላልፍም። ፈጥኖ የተሰጠ መልስ ዋጋውን የሚከፍለው ሁልጊዜ መላሹ ብቻ አይደለምና።

ጦርነቱ በ23 ሴፕቴምበር ቆመ። የአርጃን ሲንግ ማዕርግ በ1966 ከፍ ብሎ የመጀመሪያው ኤር ቺፍ ማርሻል ሆኑ፤ በ1969 በ50 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ በስዊስ አምባሳደር፣ በጎረቤታችን በኬንያም የአገራቸው ከፍተኛ ኮሚሽነር፣ በኋላም የዴልሂ አስተዳዳሪ ሆነው ሠርተዋል። ይህን ሁሉ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ የሹመት ዝርዝር ከመዝገብ ቤት አይጠፋም። በ2002 የሕንድ አየር ኃይል ማርሻል ተባሉ፤ ይህን ማዕርግ ከእርሳቸው በቀር ማንም አላገኘውም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የእርሻ መሬታቸውን ሸጠው 20 ሚሊዮን ሩፒ ለጡረተኛ የአየር ኃይል ሰዎችና ለቤተ ሰቦቻቸው መርጃ መስጠታቸው።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 2017 በዴልሂ ዐረፉ፤ 98 ዓመታቸው ነበር። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2018፣ የጃሙው ተወላጅ አስገር ኻን በፓኪስታን ሞቱ። ላያልፑር ዛሬ ፋይሳላባድ ትባላለች።