ከነቀምቴ ሳይወጡ መብረር

ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ በኩል ነቀምቴ ለመድረስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠይቃል። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ይህን ጉዞ ያደረግሁት እዚሁ ነቀምቴ፣ በአንድ የቀድሞ ተማሪዬ የኮምፒዩተር መጠገኛ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ልጁ የአብራሪዎችን ክፍል ከነመለኪያዎቹ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ «ቲቸር፣ እስቲ ይሞክሩት» አለኝ።

ጉዞው ከቦሌ ይጀምራል። አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የከፍታ መለኪያው 7,600 ጫማ አካባቢ ያሳያል። ውድ አንባቢያን፣ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው የሚለካው የአየር ግፊትን ነው። በውስጡ ያለችው የታሸገች ስስ የብረት ሣጥን የውጭው ግፊት ሲቀንስ ትለጠጣለች፣ ቀስቱም ይዞራል። ነቀምቴ ላይ ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚፈላው፣ እናቶቻችንም ባቄላ ለማብሰል ብዙ የሚጠብቁት በዚሁ በሳሳው አየር ምክንያት ነው።

ነቀምቴን አልፈን ወደ ጊምቢ ስናቀና የዴዴሳ ሸለቆ ከሥራችን ተከፈተ። መሬቱ ቁልቁል ሲወርድ ቀስቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከባሕር ወለል እንጂ ከሥራችን ካለው መሬት አይለካምና! ከሸለቆው ማዶ መሬቱ መልሶ ሲነሣም ያው ዝም ነው። የክረምት ደመና በሸፈነው ተራራ መካከል ይህን ያልተረዳ አብራሪ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ፕሮግራሙ ከተማችንን የሣላት በግምት ነው፤ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ብፈልግ አጣሁት። ቅር አላለኝም፤ ቀስቱ እውነቱን ከተናገረ ይበቃል።

አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ማሠልጠኛ ያሉት ግን ሌላ ናቸው። ከኪው 400 እስከ ቦይንግ 787 የእያንዳንዱ አውሮፕላን የአብራሪ ክፍል በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ በሚንቀሳቀሱ እግሮች ላይ ቆሟል። ሞተር ሲቃጠል፣ መለኪያ ሲሳሳት ምን እንደሚደረግ እዚያ ይጠናል። በመድረሳ ሉሕ ላይ የተሳሳትነውን አጥበን እንደገና እንደምንጽፈው መሆኑ ነው።

ሉሑ ራሱ ቢሳሳትስ? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የግራው የአፍንጫ አቅጣጫ ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ የሚል የሐሰት ቁጥር ሰጥቶ ነበር፤ አውቶማቲኩ ሥርዓት እርሱን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። በዚያው ዓመት ግንቦት ቦይንግ የማክስ ማስመሰያዎች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት ይሳነው እንደነበረ አምኖ አርሜዋለሁ አለ። የማስመሰያ ጥራት መብራቱና ቁልፉ ሳይሆን ብልሽቱን ሳይደብቅ ማሳየቱ ነው የምለው ለዚህ ነው። የእኛ አየር መንገድ ማክስን ዳግም ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ሳቅ አለና፣ ሳይነግረኝ፣ አየር ተቀባይዋን ቱቦ «ደፈነብኝ»። የፍጥነት መለኪያው ዋሸኝ፤ እኔም አምኜው ሁለት ጊዜ ዴዴሳ ውስጥ ወደቅሁ። በሦስተኛው እርሱን ትቼ የአድማስ ማሳያውንና የሞተሩን ጉልበት ብቻ እያየሁ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ጊምቢ ማዶ ደረስሁ።