በሳላቲጋ የሰማነው ጸሎት

በጃቫ ደሴት መካከል፣ ከመርባቡ ተራራ ግርጌ፣ ሳላቲጋ የምትባል ነፋሻ ከተማ አለች። በዚህችም ከተማ ሳትያ ዋቻና የሚባል የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ የስሙም ትርጓሜ «ለቃሉ የታመነ» ማለት ነው። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 የመምህራን ማሠልጠኛ አድርገው አቋቋሙት፤ በ1959ም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኢንዶኔዝያ ከ270 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለባት፣ ከመቶው 87 ያህሉ ሙስሊም የሆነባት አገር ናት፤ ክርስቲያኖቹ ከመቶው 10 ያህል ናቸው። እነርሱ እንዴት እንደሚጸልዩ ለማየት ብርቱ ፍላጎት ስለ ነበረን፣ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ጸሎት ገባን።

በር ላይ የቆሙት ወጣቶች «ሻሎም» ብለው እጃችንን ጨበጡ፤ የመዝሙርም መጽሐፍ ሰጡን። ሕዝቡ ጫማውን እንዳደረገ በወንበር ተቀምጧል፤ ዕጣን የለም፣ ከበሮና ጸናጽልም የለም፤ ዜማውን የሚመራው ፒያኖ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ቆሞ ማስቀደስን ለለመደ ሰው መቀመጡ ራሱ እንግዳ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ የሳበን ቃላቸው ነው። እግዚአብሔርን «አላህ»፣ መጽሐፍ ቅዱስን «አልኪታብ»፣ ወንጌልን «ኢንጂል» ይሉታል። እነዚህ ቃላት ከዐረብኛ የተወረሱ ስለ ሆኑ ክርስቲያኑና ሙስሊም ጎረቤቱ አምላክን በአንድ ስም ይጠራሉ። «ኢንጂል»ም ሆነ የእኛ «ወንጌል» ምንጫቸው አንድ የግሪክ ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያንን «ግረጃ»፣ እሑድንም «ሚንጉ» ማለታቸው ግን ከፖርቱጋሎች የተረፈ ነው።

ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ከጎናችን የነበረችውን ተማሪ፣ «ልጄ፣ ይህ የአፍ መፍቻ ቋንቋሽ ነውን?» ብለን ጠየቅናት። እርስዋም ፈገግ ብላ፣ «አይደለም፤ እኔ ከሱላዌሲ ደሴት የመጣሁ የቶራጃ ልጅ ነኝ። ይህን ቋንቋ በትምህርት ቤት ተማርሁት። ልቤ ሲያዝን ግን የምጸልየው እናቴ ባስተማረችኝ ቋንቋ ነው» አለችን።

ይህ መልስ ብዙ አሳሰበን። በዚያች አገር ከ700 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ወጣቶችዋ በ1928 በገቡት ቃል ኪዳን ኢንዶኔዝኛን የአንድነት ቋንቋ አደረጉት። በዚያ አዳራሽ ከሱማትራ የመጣ ባታክና ከምሥራቅ የመጣ ፓፑዋዊ ጎን ለጎን ተቀምጠው በዚሁ ቋንቋ ይጸልያሉ። እንግዳዎቹ እኛ ብቻ አልነበርንም ማለት ነው። በአገራችንም ግእዝ ያልተማሩ እናቶች ቅዳሴውን በልባቸው እየተከተሉ ኖረዋል።

ሥርዓታቸው ከሥርዓታችን ስለሚለይ በእንግድነታችን ወሰን ጸንተን ቈየን። ጌታችን ያስተማረውን ጸሎት በአንድ ድምፅ ባሰሙ ጊዜ ግን ቃሉን ሳናውቀው ነገሩን ዐወቅነው፤ እኛም በለሆሳስ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ይሄዱ ይሆናል። በዚያም የሰውን ጸሎት በአክብሮት እንዲሰሙ ምከሩአቸው። ነገር ግን ባዘኑ ጊዜ የሚጸልዩበትን ቃል ከቤታቸው ይዘው ይሂዱ፤ ይህን ስንቅ ማንም ዩኒቨርሲቲ አይሰጣቸውምና።