ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት

ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ ወደ ራሱ ቤት የሚገባ ቤተሰብ አስቀድሞ ከሚገዛቸው ዕቃዎች አንዱ ቴሌቪዥን ነው። ተገቢም ነው፤ አያት የሚያውቁትን ቋንቋ ይሰሙበታል፣ ወላጆች ዜና ይከታተሉበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ቴሌቪዥን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሲሆን፣ የእስራኤል ቴሌቪዥን የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ በ1968 ነው። ለብዙዎቻችን አዲስ የሚሆነው ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ መስቀልና ሽቦውን በግድግዳው ውስጥ መቅበር ነው።

እኔ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በእናቴ ጀርባ ታዝዬ የመጣሁ ነኝ። ዛሬ በሬሆቮት በማኅበራዊ ሠራተኛነት ስሠራ በቅርያት ሞሼም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች ብዙ ቤቶች እገባለሁ። ስለ ሽቦ የምጽፈው ሀሽማላይ ሆኜ ሳይሆን፣ በአንድ ግድግዳ ምክንያት የተኳረፈ ቤተሰብ ስላየሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀሽማላዩ ሲመጣ በዕብራይስጥ ያነጋገረው የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ነበር። «የት ይሰቀል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለጨዋታው የሚመቸውን ቦታ አሳየ። አባትና እናት ዝም ብለው ቆመው አዩ። ግድግዳው ተፈልፍሎ፣ ቱቦው ተቀብሮና ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ፣ አያት ከመቀመጫቸው ሆነው ስክሪኑን ማየት እንደማይችሉ ታወቀ። እናት ቡና የሚያፈሉበት ማዕዘን የነበረውም ሶኬት ለቴሌቪዥኑ ሆነ። ስለዚህ ለቡናው ምድጃ ከሌላ ክፍል ማአሪክ ተስቦ በምንጣፍ ሥር አለፈ። በዚያ ምንጣፍ ላይ የሚድህ ሕፃን አለ። አባት፣ «ልጄ፣ ብድሩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ግድግዳውን ያዘዘው ግን እሱ ነው» አሉኝ። ልጁ አላጠፋም፤ የተጠየቀውን መለሰ። መጠየቅ የነበረባቸው ወላጆቹ ናቸው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ሀሽማላይ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና ሳሎናችሁን በወረቀት ላይ ሳሉ። ለዚህ መጻፍ ማወቅ አያስፈልግም፤ መስመር መሳል ይበቃል። በሩን፣ መስኮቱን፣ የአያትን መቀመጫ፣ ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። የቴሌቪዥኑ ቦታ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። የስክሪኑ መሃል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር ተቀራራቢ ቢሆን አንገት አይደክምም።

ቀጥሎ ግድግዳውን እወቁ። ከብሎኬት የተሠራ ግድግዳ ተፈልፍሎ ቱቦ ይቀበርበታል። የጌቬስ ግድግዳ ግን በውስጡ ድጋፍ ከሌለው ከባድ ዕቃ አይሸከምም። የማማድ ግድግዳ ደግሞ ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በአዳዲስ ቤቶች እንዲሠራ በሕግ የታዘዘው የመጠለያ ክፍል ግድግዳ ነው፤ ሕይወት የሚያድን ስለሆነ አይፈለፈልም፣ ወዲያ ማዶም አይበሳም። እዚያ ላይ ሽቦው በውጭ፣ ተዓላ በሚባለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ይሂድ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ መጀመሪያ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። በጣራ ላይ ዲሽ ለመትከል ካሰባችሁም ከቫአድ ባይት ጋር ተነጋገሩ።

ሀሽማላዩን ሁለት ቱቦ ጠይቁት፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ፣ ሌላው ለምስልና ለኢንተርኔት ገመድ። ሁለተኛው የኤችዲኤምአይ ገመድ ጫፍ የሚያሳልፍ ሰፊ ይሁን፤ ወደፊት ሌላ ገመድ ለመሳብም በውስጡ ሲባጎ ይተውበት። ያን ጊዜ ዕቃ ሲቀየር ግድግዳ አይፈርስም።

የቡናው ማዕዘንና የእንጀራ ምጣዱ የየራሳቸው ሶኬት ይኑራቸው። በእስራኤል የተለመደው ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት ሲባዛ 3,680 ዋት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ምጣዱን ከቴሌቪዥንና ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ማአሪክ ላይ መሰካት ገመዱን ማጋል ነው። የጋለ ገመድ በምንጣፍ ሥር ሲሆን እሳት ያስነሳል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በ1954 በወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ይህን ሥራ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ዘመድም ቢሆን፣ ጎረቤትም ቢሆን ሪሽዮኑን ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ዋጋውን ሳይጀምር በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ሲጨርስም ሀሽቦኒት ይስጣችሁ። በኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ፓኻት መኖሩንና መሥራቱንም እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ፓኻት ኤሌክትሪክ ወደ ሰው አካል ሲያልፍ ወዲያው የሚቆርጥ ማጥፊያ ነው።

ቱቦዎቹ ከመለሰናቸው በፊት ግድግዳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ ሽቦው የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ሥራው ሲጀመር ልጃችሁ ያስተርጉም፤ እሱም ይህን በማድረጉ ይመስገን። የሳላችሁትን ወረቀት ግን እናንተ በእጃችሁ ያዙ።